ወሬ ማወቅና ፖለቲካ ሳይንስ ማወቅ፦ ለጀማሪ ተማሪዎች የአጠናን መመሪያ

የመጀመሪያ ድርሰቴ ከመምህሩ እጅ ሲመለስልኝ ኅዳጉ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነበር። ስድስት ቦታ ላይ «ማን አለ?»፣ ሁለት ቦታ ላይ «በምን ይታወቃል?» ይላል። መጨረሻው ላይ፣ ከውጤቱ አጠገብ፣ «ዜና በደንብ ትከታተላለህ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሙገሳ መስሎኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። ነገሩ የገባኝ አንድ የዶርም ጓደኛዬ፣ ሲኒየር ነው፣ አንብቦ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነው።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚኒስትሮችን ስም ከነሹመት ቀናቸው በቃሌ የምወጣ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች «እስቲ ያንን ልጅ ጥሩት፣ ዛሬ ምን ተባለ?» የሚሉኝ ዓይነት ነበርኩ። ትምህርት ክፍሉን የመረጥኩትም ይህንኑ ተማምኜ ነው። ዜና ማወቅ ግን ለዚህ ትምህርት የሚጠቅመው የጤፍ ዋጋ ማወቅ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚጠቅመውን ያህል ነው። አይጎዳም፤ ትምህርቱ ግን እሱ አይደለም። ትምህርቱ «ምን ሆነ?» ከሚለው ተነሥቶ «ለምን ሆነ? ለምንስ በሌላ መንገድ አልሆነም?» ወደሚለው መሻገር፣ መልሱንም ለሚጠራጠር ሰው ማሳየት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል እኔ የደረስኩበት ዘግይቼ፣ አብዛኛውን በሦስተኛው ዓመት ነው። የጻፍኩት በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች «ፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት» ለሚማሩና ሊማሩ ላሰቡ ነው።

1. ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ

በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ተማሪ ከሚወስዳቸው የጋራ ትምህርቶች ሦስቱን በተለየ ዓይን ያዙ፦ ሎጂክን፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክን፣ ግሎባል ትሬንድስን። የመጨረሻው ሌላ ስም ተሰጠው እንጂ የዓለም አቀፍ ግንኙነት መግቢያ ነው። ሎጂክ ላይ የምትማሯቸው የክርክር ሕጸጾች ደግሞ በኋላ ዓመታት በየገጹ ያገኟችኋል። ብዙ ተማሪ እነዚህን ለውጤት ብቻ አንብቦ ሞጁሉን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያወርሳል። አታውርሱ፤ አስቀምጡት።

ከዚያ ይህንን ሞክሩ። የኢፌዴሪን ሕገ መንግሥት አውጡና የመገንጠል መብት ያለበትን አንቀጽ 39ን፣ ቀጥሎ የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ሥልጣን የሚዘረዝረውን አንቀጽ 62ን በዝግታ አንብቡ። እያነበባችሁ ሳለ «ይህ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ማን ፈለገ? ማን ሳይወደው ተቀበለ? ሥራ ላይ ሲውል የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ሳትጠሯቸው ከመጡ ቦታችሁ ነው። ገና ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ላይ እንቅልፍ ከመጣ፣ አራት ዓመቱ ረጅም እንደሚሆን ከወዲሁ እወቁት።

ሳትመርጡት የደረሳችሁም አላችሁ። የመጀመሪያ ምርጫችሁ ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ ነበር፣ ውጤት ሳይበቃ ቀርቶ እዚህ ተመደባችሁ። ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ሕግ የፈለገ ሰው በሕገ መንግሥትና በፌዴራሊዝም ትምህርቶች፣ ኢኮኖሚክስ የፈለገ ደግሞ በምርምር ዘዴና በፖለቲካል ኢኮኖሚ በኩል ይግባ። በሩ ብዙ ነው።

2. ቃላቱን በሁለት ዓምድ መዝግቡ

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁ መጽሐፍ ሳይሆን ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ደብተር ነው። ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ የእንግሊዝኛውን ጽንሰ ሐሳብ፣ በቀኝ የአማርኛውን፣ ወይም አፍ የፈታችሁበት ቋንቋ ሌላ ከሆነ በዚያው ጻፉ። ከሥሩ ትርጉሙን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ።

ለምን ይህን ያህል አስጨነቀኝ? ምክንያቱም የምንማረው በእንግሊዝኛ፣ የምናስበው በሌላ ቋንቋ ነው፤ ስሕተቱ የሚፈጠረውም በመሐሉ ነው። «መንግሥት» የሚለውን ቃላችንን ውሰዱ። ዛሬ ተሹሞ ነገ የሚወርደው አስተዳደርም መንግሥት ነው፤ አስተዳደር ሲለዋወጥ የሚቆየው፣ ወሰን፣ ሕዝብና ሉዓላዊነት ያለው አካልም መንግሥት ነው። አያቶቻችን ደግሞ ንግሥናውን ራሱን መንግሥት ይሉታል። የፖለቲካ ሳይንስ ሀ ሁ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መለየት ነው። በቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ሁለተኛውን «ሀገረ መንግሥት» እያሉ መለየት ተለምዷል። ማክስ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1919 ባደረገው ንግግር በአንድ ወሰን ውስጥ ኃይል የመጠቀም ሕጋዊ ተቀባይነትን ለብቻው የያዘ ማኅበረሰብ ብሎ የገለጸው ይህንን ነው፤ በምርጫ የሚቀያየረውን ካቢኔ አይደለም። «መንግሥት ፈረሰ» እና «መንግሥት ተለወጠ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ልዩነታቸውን በሦስት መስመር መጻፍ ከቻላችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አልፋችኋል።

ነገሩ በሌላ በኩልም ይገለበጣል። የሕገ መንግሥቱ የእንግሊዝኛ ቅጂ አንቀጽ 1 ላይም አንቀጽ 46 ላይም «ስቴት» የሚለውን አንድ ቃል ይጠቀማል። አማርኛው ግን መጀመሪያ ላይ «መንግሥት»፣ ቀጥሎ «ክልል» ይለዋል። በእንግሊዝኛው ብቻ ያነበበ ተማሪ ክልልንና ሀገረ መንግሥትን ሲያምታታ አይቻለሁ። አንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ እንደሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ «አማርኛውን ማንበብ ለምን?» ለሚላችሁ መልሱ እዚያው አለ።

ቃላት ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ነጋሪት ጋዜጣ አዋጆችን በሁለት ዓምድ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትማል። የምርጫ አዋጁን ቁጥር 1162/2011 እና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁን ቁጥር 1113/2011 በዚህ መንገድ ያነበበ ሰው ብዙ ቃላት ያለ መዝገበ ቃላት ይይዛል። እኔ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት በላይ የተጠቀምኩት በእነዚህ ነው።

በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ የዓመታት ገጽ ይኑራችሁ። መጽሐፉ «1974» ይላል፣ መምህሩ «1966» ይላል፣ ተማሪው ፈተና ላይ «1974 ዓ.ም.» ብሎ ጽፎ አብዮቱን ስምንት ዓመት ወደፊት ይገፋዋል። ይባስ ብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን፣ «የ1966ቱ አብዮት» እየተባለ፣ በእኛ አቆጣጠር 1967 ዓ.ም. ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ ለዘለዓለም ይገላግላችኋል።

3. ስታነቡ «ከማን ጋር ነው የሚከራከረው?» በሉ

የሚሰጣችሁ የንባብ ብዛት ያስደነግጣል። ሃንድአውቱ ተጠርዞ ሲመጣ ሁለት ጣት ይወፍራል። ሁሉንም በእኩል ትጋት አነባለሁ ያለ ተማሪ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይቆማል። መንገዱ ይህ ነው፦ የጽሑፉን መግቢያና መደምደሚያ መጀመሪያ አንብቡ። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ አራት መስመር ጻፉ፤ ጥያቄው ምንድን ነው፣ የጸሐፊው መልስ ምንድን ነው፣ ማስረጃው ምንድን ነው፣ የሚከራከረው ከማን ጋር ነው። አራቱንም ከሞላችሁ በኋላ መሐሉን የምታነቡት ማስረጃውን ለመመርመር ነው። አራተኛውን መስመር መሙላት ካልቻላችሁ ጽሑፉ ገና አልገባችሁም።

በፖለቲካ ፍልስፍና ላይ ይህች አራተኛ መስመር ቁልፍ ናት። ቶማስ ሆብስ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሲሉ ሥልጣናቸውን ለአንድ ሉዓላዊ ያስረክባሉ ሲል ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር። ዋናው መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1651 መሆኑን፣ ማለትም እንግሊዞች በእርስ በርስ ጦርነት ተላልቀው፣ በ1649 ንጉሣቸውን አንገቱን በቆረጡት በሁለተኛው ዓመት መሆኑን ሳውቅ ነገሩ ተገለበጠ። ዘመነ መሳፍንትን ያወቀ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ የማይረዳው ነገር የለውም፤ አንዱ መስፍን በሌላው ላይ እየዘመተ፣ ንጉሡ ጎንደር ላይ በስም ብቻ ተቀምጦ፣ ገበሬው ለመጣው ሁሉ ሲገብር። ፈላስፋን ከዘመኑ ጋር ካላነበባችሁት የምትሸመድዱት ጥቅስ ብቻ ነው፤ ጥቅስ ደግሞ ከፈተናው ማግሥት ይረሳል።

4. ማወዳደርን በምታውቁት ታሪክ ተለማመዱ

ንጽጽራዊ ፖለቲካ የሚባለው ትምህርት ሲጀመር «ተለዋዋጭ»፣ «መላ ምት»፣ «ተመሳሳይ ጉዳዮችን መምረጥ» የሚሉ ቃላት ይወርዱባችኋል። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሸመድዳሉ። እኔ የምመክረው አንድ ጥያቄ ይዛችሁ፣ በእርሳስና በወረቀት፣ ሙሉ ከሰዓት በኋላ እንድትቀመጡ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ለምን ከሸፈ? ከ13 ዓመት በኋላ የተነሣው አብዮት ለምን ያንኑ ንጉሥ አወረደ?

ሀገሩ አንድ ነው፣ ገዥው አንድ ነው፣ ሥርዓቱ አንድ ነው። ልዩነቱን መፈለግ ቀላል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሠንጠረዥ ሥሩ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ «ንጉሡ የት ነበሩ?» በሉ። በ1953 ብራዚል ነበሩ፤ በ1966 አዲስ አበባ። ብዙ ሰው መሪ ውጭ ሀገር ሲሄድ መገልበጥ ይቀላል ይላል። ሠንጠረዡ ግን ተቃራኒውን ይነግራችኋል፦ የከሸፈው በሌሉበት የተሞከረው ነው። ሦስተኛ ጉዳይ ጨምሩበት፤ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ሲነሡ መሪው ወደ ምሥራቅ ጀርመን ጉዞ ላይ ነበሩ። እሱም ከሸፈ። ስለዚህ «መሪው አለመኖሩ» የሚለው ምክንያት ብቻውን አይቆምም።

ቀጥሎ «ረሃብ» በሉ። የወሎ ረሃብ ለአብዮቱ ምክንያት ሆነ ይባላል። ነገር ግን ከታኅሣሡ ሙከራ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ትግራይ ውስጥም ብዙ ሕዝብ የጨረሰ ረሃብ ነበር። ታዲያ ያኛው ለምን ማንንም አላወረደም? ምናልባት ልዩነቱ ረሃቡ ሳይሆን መታየቱ ነው፤ የወሎው በውጭ ሀገር ቴሌቪዥን ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ሆኗል። እዚህ ስትደርሱ ምክንያታችሁ ከ«ረሃብ» ወደ «የታወቀ ረሃብ» ተለወጠ። ይህ ትንሽ የምትመስል ለውጥ የፖለቲካ ሳይንስ ሥራ ራሱ ናት።

ሦስተኛው ረድፍ ጦር ሠራዊቱ ነው። በ1953 የተነሣው በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው የክብር ዘበኛ ነው። ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ግን ለንጉሡ ታማኝ ሆነው ቀሩና ወንድም ከወንድም ተታኮሰ። በ1966 ግን አመፁ የጀመረው ነጌሌ ቦረና ላይ፣ በውኃና በምግብ ቅሬታ፣ ከታች ነው። ከዚያ ወደ ሌሎች ክፍሎች ተዛመተ። በየካቲት ታክሲ ነጂዎችና መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ በሰኔ ከየክፍሉ የተወከሉ ወታደሮች ደርግን ሲያቋቁሙ፣ ከንጉሡ ጎን ተሰልፎ የሚተኩስ ክፍል አልተገኘም። እንግዲህ መላ ምት አላችሁ፦ ገዥ በውስጥ ኃይል የሚወርደው የጦር ኃይሉ ለሁለት ሳይከፈል፣ ከገዥው ጎን ቆሞ የሚዋጋ ክፍል ሲጠፋ ነው። የግንቦት 1981ዱን እዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ጋና ውሰዱት። የሚሰበርበትን ቦታ ፈልጉ፤ የማይሰበርበትን ብቻ የሚፈልግ ካድሬ ነው።

ይህንን መልመጃ አንድ ጊዜ ከሠራችሁ መጽሐፉ «ተለዋዋጭ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም።

5. ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ንድፈ ሐሳቦች አንድ ጉዳይ በቂ ነው

ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም፣ ኮንስትራክቲቪዝም። ተማሪው ሦስቱን በሦስት ገጽ ሸምድዶ ፈተና ላይ ስማቸውን ያምታታል። ሦስቱንም ወደ አንድ ጉዳይ አምጧቸው፤ ለእኛ ከ1928 ዓ.ም. የተሻለ ጉዳይ የለም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበረች። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 ስትወር ማኅበሩ ወራሪ ብሎ ፈርዶ ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች አልተዘጋም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ቆመው ንግግር ባደረጉ በሳምንታት ውስጥ ማዕቀቡ ተነሣ። አሁን ጠይቁ። ሪያሊስቱ እንግሊዝና ፈረንሣይ ኢጣሊያን በጀርመን ላይ ስለሚፈልጓት ለደካማ ሀገር ሲሉ አይጣሏትም ይላል። ሊበራሉ ተቋሙ ጥርስ አልነበረውም፣ ታላላቅ ሀገሮች ከውጭ ነበሩ፣ የተሻለ ተቋም ቢኖር ውጤቱ ይለወጥ ነበር ይላል። ኮንስትራክቲቪስቱ ደግሞ ኢጣሊያ በባርነት ስም ኢትዮጵያን ከ«ሠለጠኑት» ተርታ ለማውጣት ያቀረበችውን ክስ አንሥቶ፣ ማን እንደ እኩል እንደሚቆጠር ሳይመረመር ማን እንደሚታደግ አይታወቅም ይላል። የትኛው ይበልጥ ያሳምናችኋል? መልሱን ሳይሆን ምክንያቱን ጻፉ። የህዳሴው ግድብ ድርድር በሁለተኛ ደረጃ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ በመጀመሪያ ደረጃ አልመክረውም፣ ስሜታችን ገና ትኩስ ነው።

6. ሕገ መንግሥቱን በቦርሳችሁ ያዙ

106 አንቀጽ ነው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ኅትመት አለ። ከእሱ ጋር የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት 55 አንቀጽ አንብቡ፤ አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት ሞዴል እንዳደረጉ ስታውቁ በሁለቱ መካከል ምን እንደተለወጠ ራሳችሁ ታያላችሁ።

ሕጉን ከፖለቲካው ጋር ለማየት 2012 ዓ.ም.ን ውሰዱ። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው በጊዜው ሊካሄድ እንደማይችል ሲታወቅ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ደግሞ ያበቃል። አራት አማራጭ ቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ የሕገ መንግሥት ትርጉም መጠየቅ። የተመረጠው አራተኛው ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን በቀጥታ እየሰማ መረመረ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ በሰኔ ወሰነ። መልመጃው ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ አይደለም። ለእያንዳንዱ አማራጭ አንድ ገጽ መድቡ፤ አንቀጹ የትኛው ነው፣ ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል፣ ለምን ተመረጠ ወይም ቀረ። የክርክሩ ቅጂዎች ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ፤ ከብዙ ሌክቸር ይሻላሉ።

7. ክርክርን ከዶርም ጀምሩ፣ ግን በጽሑፍ

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ከአራት ክልል የመጡ ስድስት ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ። ሁለተኛ ዓመት ላይ እኔና የጎኔ አልጋ ባለቤት በአንቀጽ 39 ተጣልተን ለአንድ ሳምንት አልተነጋገርንም። ውኃ ሲመጣ እንኳን ጀሪካን አልተቀዳዳንም። ያስታረቀን አንድ መምህር ሰጥቶን ያለፈው ዘዴ ነው፦ እኔ የእሱን አቋም፣ እሱ የእኔን አቋም በአንድ ገጽ እንድንጽፍ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ አንብቦ «አዎ፣ ሐሳቤ ይኸው ነው» እስኪል ድረስ ይታረማል። እኔ ሦስት ጊዜ ታረምኩ። በሁለተኛው ላይ «ለምን ይሆን?» ያልኩትን «ታፍነን ስለኖርን ነው» ብሎ በእጁ ጻፈበት። በሦስተኛው ሲፈርምልኝ አቋሜ አልተለወጠም፤ የማን አቋም ላይ እንደምከራከር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ።

ይህንን በየትምህርቱ አድርጉት። ከዚያ ውጭ የግቢውን የፖለቲካ ክርክር ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ አታውጡ፤ በአሥራ ስምንት ዓመት የተጻፈ ቁጣ በሃያ አምስት ዓመት ሥራ ስታመለክቱ ተገኝቶ ይጠብቃችኋል።

8. ቁጥርን አትሽሹ

«ሒሳብ ጠልቼ ነው ሶሻል የገባሁት» የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። የሚያስፈልገው ግን ብዙ አይደለም። አንድ የምርጫ ክልል አስቡ፤ 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ። አንዱ 4,000፣ ሁለተኛው 3,500፣ ሦስተኛው 2,500 አገኘ። በእኛ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የመጀመሪያው ወንበሩን ይወስዳል፤ 6,000ው ያልመረጠው ሰው ይወክለዋል። ይህንን በ547 የምርጫ ክልሎች አባዙትና አንድ ፓርቲ ከድምፁ በላይ ወንበር እንዴት እንደሚያገኝ በራሳችሁ ወረቀት ላይ አሳዩ። ቀጥሎ በተመጣጣኝ ውክልና ቢሆን ብላችሁ ደግማችሁ አስሉት። ከዚህ በኋላ ኤስፒኤስኤስ ወይም ሌላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስትማሩ ከምን እንደምትነሡ ታውቃላችሁ። ለመለማመጃ የአፍሪካን ሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትርና የየሀገሩን ዲሞክራሲ የሚለካው ቪ-ዴም መረጃቸውን በነፃ ያቀርባሉ።

9. የመመረቂያ ጽሑፍ፦ ርዕሱን እስኪያማችሁ አጥብቡት

«የፌዴራሊዝም ችግሮችና መፍትሔዎች በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ በየዓመቱ ይቀርባል። ይህ ርዕስ ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ዕቅድ ነው። አጥብቡት፦ የት? መቼ? ማን? ለምሳሌ «በአንድ ወረዳ ምክር ቤት በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ አስፈጻሚው አካል ስንት ጊዜ በምክር ቤቱ ተጠየቀ? በምን ጉዳይ?» የሚል ጥያቄ ቃለ ጉባኤ አንብቦ የሚመለስ ነው።

አሁን ማንም ስለማይነግራችሁ ነገር ላውራ፤ ስለ ትብብር ደብዳቤ። ያለ ትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ማኅደር አይከፈትም፣ ኃላፊም አያነጋግራችሁም። እኔ ደብዳቤዬን የያዝኩት ሁለተኛው ሴሚስተር ከተጋመሰ በኋላ ነው። ማኅተም የሚመታው ሰው ፈቃድ ላይ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ፣ ቀጥሎ በዓል መጣ። ቃለ መጠይቅ ላደርግላቸው ካሰብኳቸው ስምንት ሰዎች ያገኘሁት ሦስቱን ነው። ስለዚህ ርዕሱ በጸደቀ ዕለት ደብዳቤውን ጠይቁ፣ ሦስት ኦሪጅናል ቅጂ አስመቱ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ከነትክክለኛ መጠሪያው ጻፉ፤ በአንድ ቃል ስሕተት ይመልሱታል። ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ጥናቱ ለምን እንደሆነ ንገሩ፣ ስም እንዳይጠቀስ የሚፈልግን አክብሩ፣ ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቁ። ብዙ ሰው ቀረጻው ሲዘጋ ነው ዋናውን የሚናገረው። እሱን ለመጠቀምም እንደገና ፈቃዱን ጠይቁ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትንና ወመዘክርን (ብሔራዊውን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አትርሱ። የቆዩ ጋዜጦችና ከእናንተ በፊት የተመረቁ ሰዎች ጥናቶች እዚያ አሉ። እናንተ አዲስ ያላችሁት ርዕስ ቀድሞ ተሠርቶ ካገኛችሁት ደስ ይበላችሁ፤ እሱ ከቆመበት መቀጠል ከዜሮ ከመጀመር ይቀላል።

10. የመውጫ ፈተናና ከዚያ በኋላ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የሚጠይቀው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የወሰዳችሁትን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ባለቀ በሳምንቱ፣ ሳይረሳ፣ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጻፉና በአንድ ማኅደር ሰብስቡ። አራተኛ ዓመት ላይ የምታነቡት ያንን ማኅደር ይሆናል። ሌሎች ሞጁል ፍለጋ ከዶርም ዶርም ሲዞሩ እናንተ ትተኛላችሁ።

ሥራው ቀላል አይደለም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚቀጥረው ጥቂት ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሁላችንም ዓይን ፊት ቆመዋል፣ በራቸው ግን ጠባብ ነው። የተቀጠሩ ጓደኞቼን ስመለከት አብዛኞቹ የገቡት በሌላ በር ነው፤ በክልል ምክር ቤቶች ጽሕፈት ቤት፣ በመገናኛ ብዙኃን፣ በግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ በምርጫ ወቅት በሚከፈቱ ጊዜያዊ ሥራዎች። ቃለ መጠይቅ ላይ ዲግሪያቸውን ብቻ ይዘው አልሄዱም። አንዷ ለምሳሌ በአንድ የከተማ ውኃ ፕሮጀክት ላይ የጻፈችውን ሦስት ገጽ ጽሑፍ ከማመልከቻዋ ጋር አያይዛ ላከች፦ ችግሩ ምንድን ነው፣ የሚወስነው ማነው፣ ሦስት አማራጮች፣ የእያንዳንዱ ዋጋ። ጠያቂዎቹ ስለ ዲግሪዋ አንድም ነገር አላነሡም። ግማሽ ሰዓቱን በሙሉ ስለ ሁለተኛው አማራጭ ሲከራከሯት ቆዩ።